ለማያውቁት እጅ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ስለ ዛቢያ የሚናገር ሕግ አለ። ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከዛቢያው ይወልቅና ሌላውን መትቶ ይገድለዋል። በመካከላቸው ጠብም ቂምም አልነበረም። ስለዚህ ሕጉ ገዳዩን ለደም ተበቃይ አሳልፎ አይሰጠውም፤ ከመማጸኛ ከተሞች ወደ አንዲቱ ሸሽቶ ነፍሱን እንዲያተርፍ ይፈቅድለታል። ክፍሉ የሚመረምረው የገዳዩን ልብ ነው፤ ምሕረቱም የሚመነጨው ያ ልብ ንጹሕ ሆኖ ከመገኘቱ ነው። እኔ ግን ይህን ሕግ ባነበብሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ታሪኩ ያልጠራው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ያንን ብረት ከዚያ እንጨት ጋር የገጠመው። ሟቹን አያውቀውም። ገዳዩንም ቢያውቀው አንድ የገበያ ቀን አይቶት እንደሆነ ነው። ሕጉ አልከሰሰውም፤ መማጸኛ ከተማም አላዘጋጀለትም። ብረቱ በወለቀበት ሰዓት እሱ ምናልባት ሌላ ዛቢያ እየጠረበ ነበር።

ያ ሰው ዛሬም አለ። አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ወዲህ በየተራው እየተከፋፈለ አድጓል፤ ለምናለሽ ተራ የደረሰው ድርሻ ሌላው የጣለው ዕቃ ነው። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ ጫማ ይሆናል፤ ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ ከሰል ላይ ቀልቶ፣ መስፍ ላይ ተቀጥቅጦ ምሳርና ዶማ ይሆናል። ስለ ሰፈሩ የሚያወራ ሁሉ ይህን የብረት ትንሣኤ ያደንቃል፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ከመዶሻው ጩኸት ፈንጠር ብሎ የሚሠራውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እንጨት ጠርቦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ በስባሪ ጠርሙስ ፍቆ ለብረቱ መያዣ የሚያበጅለት ሰው ሥራው ድምፅ የለውም። ዕቃው ተሸጦ ሲሄድም የሚወደሰው ስለቱ ነው እንጂ ዛቢያው አይደለም።

አገጣጠሙን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለበት። የዶማ ቀዳዳ በአንድ ወገን ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ይላል። ዛቢያው በቀጭን ጫፉ በሰፊው ወገን ገብቶ ይሳባል፤ ወፍራም ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ሲደርስ ይቀረቀራል። ቆፋሪው ዶማውን በሰነዘረ ቁጥር ብረቱ ሊያመልጥ ይጥራል፤ በጣረ ቁጥርም ራሱን ያጠብቃል። ሚስማርም ኮላም አያስፈልገውም። ምሳር ሲሆን ብዙ ጊዜ ሽብልቅ ይገባል፤ ዛቢያው ከታች ገብቶ ጫፉ በመጋዝ ይሰነጠቅና ስንጥቁ ውስጥ ደረቅ ሽብልቅ ይመታበታል። እንጨቱ ቀዳዳው ውስጥ ይሰፋል፤ ብረቱንም ከውስጥ ገፍቶ ይይዘዋል። የማጭድ ደግሞ ሌላ ነው። ሹል ጅራቱ በእሳት ቀልቶ እጀታው ውስጥ ሲነዳ እንጨቱ እየጨሰ፣ እየከሰለ ለብረቱ ልክ የሆነ ማደሪያ ይከፍታል።

በሦስቱም መንገድ ብረቱ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው እንጨቱ ነው። ይጨመቃል፣ ይሰፋል፣ ይቃጠላል። ሁለቱም ብረት ቢሆኑ ኖሮ ምሳሩ ግንድ ላይ ሲያርፍ ንዝረቱ በሙሉ የቆራጩን ክንድ በሰበረው ነበር። መያዣው የሚይዘው እንጨቱ እሺ ስለሚል ነው፤ የምቱን ጉልበት ከሰውየው ትከሻ ላይ የሚቀበለውም እሱ ነው። ቀን ሲሞላም የሚሰበረው ዛቢያው ነው፤ ባለሙያውም ሲሠራው ይህን እያወቀ ነው የሚሠራው። ሊሰበር እንደሚችል አውቆ፣ ግን ያለ ጊዜው እንዳይሰበር፣ ሲሰበርም ሰው እንዳይጎዳ አድርጎ መሥራት። ይህ ለዘላለም እንዲቆይ ታስቦ ሐውልት ከማቆም ያነሰ ጥበብ አይመስለኝም።

ለዚህ ነው የእንጨቱ ምርጫ ከባድ የሚሆነው። ክትክታ በደረቅና በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚበቅል፣ ቀጠን ያለ፣ ጠንካራ ቁጥቋጦ ነው፤ ለእርሻ መሣሪያ የቆየ ምርጫ ነው። ወይራ ጭሱ የወተት ዕቃ በሚያጥንበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው፤ ከደረቀም በኋላ ክብደቱ ከውኃ ብዙ አያንስም፤ ስለዚህ ይጸናል፣ ግን እጅ ያደክማል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረኀብ ያዳነ ዛፍ ነው፤ ርካሽና ቀጥ ያለ በመሆኑ በየቦታው ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን መሰንጠቅ ይወዳል። ከየትኛውም ዛፍ ይምጣ፣ ከሳንቃ ከተሰነጠቀ ጣውላ ይልቅ እንደ በቀለ የተቆረጠ ቀጭን ግንድ ይመረጣል። ጣውላ ሲሰነጠቅ መጋዙ እንጨቱ ሲያድግ ያበጃቸውን ክሮች መንገድ ላይ ይቆርጣቸዋል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ክር ደግሞ አንድ ቀን የስብራት መጀመሪያ ይሆናል። ሙሉው ግንድ ግን ክሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዟቸው ይቆያል።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ዕረፍት የለውም። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ መልሶ ይሰጣል። በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም፤ በውፍረቱ ግን በግልጽ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ስለዚህ በነሐሴ ጥብቅ ብሎ የነበረ ዛቢያ በየካቲት ቀዳዳው ውስጥ ይላላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አለ፤ ምሳሩን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር። ጠዋት ጠብቆ ይገኛል። ነገር ግን ያበጠው እንጨት የሚጠብቀው በብረቱ ግድግዳ ላይ ተጨፍልቆ ነው፤ ሲደርቅ ከቀድሞው ይበልጥ ቀጥኖ ይገኛል። ማታ ማታ የሚዘፈዘፍ ዛቢያ ቀን ቀን ትንሽ በትንሽ ከብረቱ እየተለየ ይሄዳል።

የዛቢያ ሠሪው ሥራ እንግዲህ ከመግጠሙ አስቀድሞ ይጀምራል። እንጨቱ ጥላ ውስጥ፣ ሳይጣደፍ መድረቅ አለበት፤ ይህ ወራት ይፈጃል። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ወር ማለት ኪራይ ነው። ያልተሸጠ ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ገንዘብ ያስራል። እርጥብ ዛቢያ በሽያጩ ዕለት ከደረቁ በምንም አያንስም፤ እንዲያውም ለመጥረብ ይቀላል፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ገዢው ቢያወዛውዘው ንቅንቅ አይልም። ልዩነቱ የሚታየው ገዢው ሰላሌ ወይም መንዝ ከገባ በኋላ፣ የበጋው ፀሐይ ሥራውን ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ሩቅ ነው። ፊቱም ተረስቷል።

ይህ ነገር ስለ ታማኝነት ያለኝን አሳብ ለውጦታል። ታማኝነት ሲባል ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ይታዩናል፤ ሚዛኑ በመካከላቸው ነው፣ ቃሉም በምስክር ፊት ነው። ዛቢያ ሠሪው ግን የሚታመነው ወይም የሚከዳው ማንም በሌለበት ነው፤ እንጨቱ ጥላ ሥር በቆየባቸው ወይም ባልቆየባቸው ወራት ውስጥ፣ ከዚያም ሽብልቁ በተመታበት፣ ዓይን በማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ። ቢከዳ የሚያጋልጠው የለም። ቢታመንም የሚያመሰግነው አይኖርም፤ ደህና ዛቢያ የያዘ ሰው ስለ ዛቢያው አያስብማ፤ የሚያስበው ስለሚቆርጠው እንጨት ነው። ሥራው መልካም በሆነ መጠን ሠሪው ይረሳል። ይህን ዓይነት ታማኝነት ከሁሉ የከበደ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ተጠቃሚው የማይታወቅ እጅ ነው፣ ከዚያም አልፎ ከዚያ እጅ አጠገብ ቆሞ ቅርንጫፍ የሚሰበስብ ሌላ ሰው ነው፣ ምናልባትም ልጅ።

ለሚታወቅ እጅ መሥራት ሌላ ነው። በውጭው ዓለም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በትዕዛዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። የገዢውን መዳፍ ለክተው፣ የአጣጣሉን ልማድ ጠይቀው፣ እጀታውን ከቡሽ ወይም ከእንጨት ያበጁለታል፤ የገመዱ መጠቅለያ የሚታሰርበትንም መቀመጫ መልኩ ካማረ እንጨት ቦርቡረው በዘንጉ ላይ በኮላ ያጣብቁታል። ከእጀታው ከፍ ብሎ የባለቤቱን ስም የሚጽፉ አሉ። እኛ ዘንድ በጣናም በዝዋይም ዓሣ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው፤ በዘንግ የሚያጠምደው ሰው ባሌ ደጋ፣ ከኬንያ መጥቶ በቀዝቃዛዎቹ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት የሚባል ዓሣ ዘንድ ቢፈለግ ይሻላል። የሆነ ሆኖ የዘንጉ እጀታ ስለ ዛቢያ ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል። አጥማጁ ውኃው ውስጥ ያለውን አያይም። ዓሣው መንጠቆውን ሲነካ፣ ሲለቅ፣ ገመዱ ድንጋይ ሲታከክ የሚያውቀው በመዳፉ ነው። እጀታው ከእጅ ወደ ውጭ ጉልበት የሚያደርስ ብቻ አይደለም፤ ከውጭ ወደ እጅ ወሬ ያመጣል። ምሳርም እንዲሁ ነው። ልምድ ያለው ቆራጭ ግንዱ ውስጥ ቋጠሮ መኖሩን፣ መሐሉ በስብሶ ባዶ መሆኑን፣ ስለቱ መደነዙን በዛቢያው በኩል ይሰማል። ዛቢያው ሞላላ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ድቡልቡል ቢሆን እጅ ስለቱ ወዴት እንደዞረ አያውቅም፣ ሞላላ ሲሆን ግን በጨለማም ያውቃል። የላላ ዛቢያ ጉልበት ከማባከኑ የሚከፋው ሐሰተኛ ወሬ ማምጣቱ ነው። ሰውየው ግንዱን የሰማ መስሎት የራሱን መሣሪያ መወላለቅ ይሰማል።

የምናለሽ ተራው ሰው የገዢውን መዳፍ የሚለካበት ዕድል የለውም፤ ስምም አይጽፍም። እሱ ያለው ብልሃት ሌላ ነው፤ መያዣውን ትንሽ ወፈር አድርጎ ይተወዋል። የቀጠነ እንጨት አይጨመርበትም፣ የወፈረ ግን ይፋቃል። ገዢው ቤቱ ሲገባ በቢላም በጠርሙስም ለእጁ ልክ ያደርገዋል፤ የቀረውን ደግሞ ላቡና ዓመታት ይሠሩታል፤ ወዙ ማንኛውም ቀለም የማይሰጠው ነው። እዚያ ወፈር ብሎ የተተወው ጥቂት እንጨት ለእኔ የአክብሮት ምልክት ነው። ሠሪው «እጅህን አላውቀውምና የመጨረሻውን ሥራ ላንተ ትቼልሃለሁ» ያለ ያህል ነው።

ስለ ምሳር የሚነሣ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ። ዛቢያው ደጋግሞ፣ ብረቱም አንዴ ቢለወጥ ያው የአያቴ ምሳር ነውን? የጥንት ግሪኮች ይህንኑ በቴሴዎስ መርከብ ላይ ይከራከሩበት እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል። ጥያቄው እንደዚያ ሲቀርብ ብረቱ ነባር፣ እንጨቱ መጻተኛ መሆኑን ተቀብሎ ይነሣል። ምናለሽ ተራ ግን ብረቱም መጻተኛ ነው። ትናንት ጭነት ተሸክሞ የጅማን ወይም የደሴን መንገድ የተመላለሰ ባሌስትራ ነበር፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ማን ያውቃል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ነባሩ? ባሰብሁበት ቁጥር መልሱ ወደ ቀዳዳው ይወስደኛል። ስለቱ በተሳለ ቁጥር ያልቃል፤ ምሳሩ ከዓመት ዓመት ያጥራል። ዛቢያው ይሰበራል፣ ይተካል። ቀዳዳው ግን አያድግም፣ አያንስም። ቀጥቃጩ ብረቱ ገና ቀይ ሳለ የበሳው ያ ባዶ ቦታ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዛቢያ ሁሉ ልክ አስቀድሞ ወስኗል፤ ገና ያልበቀለውን ክትክታ ጭምር። ዛቢያ ሠሪው ሲጠርብ እጁ እንጨቱ ላይ ቢሆንም ልቡ ያለው ባዶው ላይ ነው፤ እየደጋገመ ያስገባል፣ ያወጣል፣ የጠቆረበትን እያየ ይፍቃል። አንድ ያላየው ሰው ለበሳው ባዶ ቦታ፣ ለሌላ ለማያየው ሰው እጅ ይሠራል። በሁለት እንግዶች መካከል የቆመ ሙያ ነው።

ሙያው ምን ያህል የቆየ እንደሆነ የአገራችን ምድር ይናገራል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው፤ በባዶ እጅ የሚያዙ ነበሩ። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ ላይ ደግሞ ከ279,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የባልጩት ጫፎች ተገኝተዋል፤ በላያቸው የቀረውን የስብራት ዓይነት የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከእንጨት ጋር ተገጥመው ይወረወሩ እንደነበር ደምድመዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ድንጋይ መሳል የቻለ ፍጥረት ስለምን ይህን ያህል ዘመን ሳይገጥም ኖረ? መሳል አንድ ነገር ፊት አስቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። መግጠም ግን ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ማሰሪያውን ከየቦታው መሰብሰብ ይጠይቃል፤ አንዳቸውም ለብቻቸው ጦር አይደሉም፤ ጦሩ ያለው ገና በአሳብ ውስጥ ነው። ከዚያም ለዛሬ ረኀብ ሳይሆን ለነገ አደን መድከም አለ። የሌለውን እያዩ መሥራት የጀመርነው ያኔ ይመስለኛል፤ ይህን ያህል ዘመን መፍጀቱም አያስደንቀኝም።

በጋሞ ደጋ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች ይህን ጥበብ ወደ እኛ ዘመን አድርሰውታል። ባልጩትና ሌላ ስለታም ድንጋይ ቀርጸው በእንጨት እጀታ ይገጥማሉ፤ ዙካኖ በሚሉት እጀታ ድንጋዩ በሙጫ ይያዛል፣ ቱቱማ የሚሉት ደግሞ ሌላ አያያዝ አለው። ከዓለም ዙሪያ የመጡ የጥንት ዘመን አጥኚዎች ከእነዚህ ሰዎች እጅ ብዙ ተምረዋል። የገዛ ጎረቤቶቻቸው ግን በሙያቸው ሲንቋቸው ኖረዋል። ደጋውም ቆላውም ይህን በደል ይጋራዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሸሸው ሕዝብ ማረሻውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነበር። መኳንንቱ የጎራዴያቸውን እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ አሠርተው በእልፍኛቸው ሲያሳዩ፣ ያንን ቀንድ ከብረቱ ጋር ያዋሐደው ሰው በማዕዳቸው ዙሪያ ስፍራ አልነበረውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል፤ ሰው የማያደርገውን በአዋጅ አይከለክሉም። ከሁሉ የሚከነክነኝ በዚያ ንቀት ውስጥ የተደበቀው እምነት ነው። የሠሪውን ዓይን የፈራ ሰው በእጁ ሥራ ሥር ነፍሱን ያለ ጥርጥር አሳድሯል፤ እሱ በገጠመው ምሳር አጠገብ ቆሟል፣ ልጁንም አቁሟል። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሰው ሊከበር ይገባው ነበር። ዛሬም ምናለሽ ተራ ሄደን ስንከራከር፣ ከዋጋው ላይ የምናስቀንሳት ጥቂት ብር ከየትኛው ወር ላይ እንደምትቀነስ ብናስብ ደስ ይለኛል፤ እንጨቱ ጥላ ሥር ከሚቆይበት ወር ላይ ነው የምትቀነሰው።

በመጽሐፈ ነገሥት ሌላ ምሳር አለ። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር ለቤት መሥሪያ እንጨት ሲቆርጡ ከአንዱ እጅ ብረቱ ወልቆ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሰውየው የሚጮኸው ዕቃው የተውሶ ስለሆነ ነው። ኤልሳዕ የወደቀበትን ቦታ ጠይቆ እንጨት ቆርጦ ይጥልበታል፤ ብረቱም ይንሳፈፋል። አባቶች እንጨቱን በመስቀሉ ይመስሉታል፤ ከጥልቅ የሚያወጣ እንጨት። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ብረቱን ይወስዳል፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ያበቃል። ነገር ግን በእጁ የያዘው ገና ምሳር አይደለም። ቀዳዳ ያለው እርጥብ ብረት ነው። የወለቀበት ዛቢያ አንድ ጊዜ ከድቶታልና ወይ ይጠረባል ወይ ይለወጣል፤ ደረቅ እንጨት መፈለግ አለበት፣ ሽብልቅ መቀረጽ አለበት፣ ተገጥሞም መሞከር አለበት። ይህን ነቢዩ አልሠራለትም። ባለቤቱ ዘንድ ሲመልሰው ስለ ዮርዳኖስ የሚያወራው ብዙ ይኖረዋል፤ ባለቤቱ ግን ምሳሩን ተቀብሎ፣ ዛቢያውን በአንድ እጁ ብረቱን በሌላው ይዞ እያወዛወዘ መጀመሪያ የሚጠይቀው መጥበቁን ነው።